የአገሩ መካን

ካርታ ሠሪዎች ያልደረሱበት፣ ቢደርሱም ኗሪዎቹ «ገና አልደረሳችሁም» ብለው የሚመልሷቸው አንድ አገር ነበር። አገሩ ደረቅ ተራራ ላይ የተቀመጠ ነው። ሕዝቡ ጨዋና ታጋሽ ነው፤ ዋናው ሥራውም መጠበቅ ነው።

ከብዙ ትውልድ በፊት አገሩን ያቀናው ሰው ወደ ሩቅ ከመሄዱ በፊት ሦስት ቃል ሰጥቷቸው ነበር። ስሙን መጥራት ድፍረት ስለሚሆን ባለቃሉ ይሉታል። «ከደረቁ ዓለት ውሃ ይፈልቃል። መካኗ ሴት ትወልዳለች። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እመጣለሁ» አላቸውና ሄደ።

ሕዝቡም ይጠብቅ ጀመር። በየዓመቱ አዝመራው ተሰብስቦ ውርጩ ሲገባ ወርኀ ተስፋ ይታወጃል። በወርኀ ተስፋ ማንም ሰው አይቀመጥም፤ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነው የሚጠብቀው ይላል ሕጉ። ቆመው ይበላሉ፣ ቆመው ይፈትላሉ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም ቆመው ነው የሚያስታርቁት፤ እርቁም በዚሁ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። የሚቀመጡት የተስፋ ቤት ሹማምንት ብቻ ናቸው። እነሱ ተጭነው ካልያዙት ተስፋው በነፋስ ይወሰዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ለሹመቱ የሚመረጠው ከባድ ከባዱ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ሌላው አገር «እንዴት አደርክ» አይባባሉም። አንዱ «መጣ ወይ?» ይላል፤ ሌላው «ገና ነው» ይላል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ጭንቁ የገባው የመጀመሪያው ቃል የተፈጸመ ዕለት ነው።

በአያቶች ዘመን፣ አንድ ጧት፣ ዓለቱ ተሰነጠቀና ውሃ ፈለቀ። ጥርስ የሚያንገጫግጭ፣ ኩልል ያለ ውሃ። ሰዉ እንስራውን እያነሣ ሊሮጥ ሲል የዚያን ጊዜዎቹ የተስፋ ቤት ሹማምንት ደርሰው ከፊቱ ቆሙ።

«ቆዩ!» አሉ። «ቃሉ ተፈጸመ ካልን እኮ ተስፋችን ጎደለ ማለት ነው። ዛሬ ይሄ፣ ነገ ያኛው እየተፈጸመ ከሄደ ልጆቻችን ምን ሊጠብቁ ነው? ያለ ተስፋ ይደጉ?»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። አንዳንዶቹም ለልጆቹ አዝነው አለቀሱ። ስለዚህ ውሃው ለጊዜው እንዳልፈለቀ እንዲቆጠር ተስማሙ። በዙሪያው ከፍ ያለ የድንጋይ ቅጥር ተሠራ፣ በር ተገጠመ፣ ዘበኛ ቆመ። «የተፈጸመ ቃል ከቅጥር ውጭ አይደር» የሚል ሕግም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ውሃ የሚቀዳው ከቆላው ወንዝ ሆነ፤ ሲወርዱት ጉልበት፣ ሲወጡት ትንፋሽ የሚጨርስ መንገድ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ነፋስ ተባለ። ከበሩ ሥር እየሾለከ መንገዱን የሚያረጥበው ጤዛ ተባለ። ጤዛው በበጋም፣ በቀትርም አልደርቅ ስላለ የጤዛ መርማሪ የሚባል ሹመት ተፈጠረ፤ ሥራው ጎንበስ ብሎ በጣቱ መንካትና «ጤዛ ነው» ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተቀበለ። ያስቸገሩት አህዮቹ ነበሩ። አህያ ሕግ አይገባውም። ከወንዝ ውሃ ተጭኖ ሲመለስ ቅጥሩ አጠገብ ይደርስና «ከዚህ ወዲያ ወዴት?» እንደሚል ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቢገፉት፣ ቢደበድቡት ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ በዚያ የሚያልፍ አህያ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት የታሸበት ጨርቅ አፍንጫው ላይ እንዲታሰርለት ተደነገገ።

ለሁለተኛውም ቃል ሥርዓት ወጣለት። ባለቃሉ «መካኗ» አለ እንጂ የትኛዋ እንደሆነች አልተናገረም። እንዲሁ ቢተዉት ቃሉ በማንም ቤት፣ በማንም ጓዳ፣ ያለ ፈቃድ ሊፈጸም ነው። ስለዚህ በየትውልዱ አንዲት ሴት የአገሩ መካን ተብላ እንድትሾም ተደረገ። ወርኀ ተስፋ ሲዘጋ በሚውለው በዓል የአገሩ መካን ባዶ አንቀልባ አዝላ በሕዝቡ ፊት ትቆማለች። አፈ ተስፋው፣ ማለት የተስፋ ቤት አለቃ፣ «በአንቀልባሽ ምን አለ?» ይሏታል። «ባዶ ነው፤ ገና ነው» ትላለች። ሰዉ ያለቅሳል። ልቡም ለከርሞ በተስፋ ይሞላል።

በዚህ ታሪክ ዘመን የአገሩ መካን ትደነቅ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል። ባሏ ይርጋ በአህያ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰ የሚያድር፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። ትደነቅ ሹመቱን ፈልጋ አላገኘችውም። «ልጅ ስጠኝ ብዬ ብለምን ማዕረግ ሰጡኝ» ትል ነበር ለቅርብ ሰዎቿ።

አንድ ክረምት ወደ አዋላጇ ወደ እትዬ ደብሪቱ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል» አለቻት።

ደብሪቱ እጇን አሙቃ ዳሰሰቻት። ዳሰሰቻትና እጇን ፈጥና ሰበሰበች።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ነፋስ ነው እንዳልልሽ ረገጠኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁና ሳቁና፣ የሳቁበትን ነገር ሲያስቡት በሩን ዘጉ።

ይርጋ ሲነገረው መጀመሪያ አህዮቹን አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። «አንቺ፣ ሹመትሽስ?» አለ።

«ሹመቴን ተወውና እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ እንጂ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ድምፁ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ድምፅ ነበር።

ሆድ አይደበቅምና ወሬው ተስፋ ቤት ደረሰ። የዘመኑ አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ይባላሉ። ከሳቸው በፊት ከተሾሙት ሁሉ ከባዱ እሳቸው ነበሩ፤ ወንበራቸውን ለማንቀሳቀስ ግድግዳ ማፍረስ ያስፈልጋል ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ትደነቅን አስጠርተው ከፊታቸው አቆሟት፤ የሆድ መርማሪ የሚባል ሹመት ስላልነበረም የጤዛ መርማሪውን አስመጡ። መርማሪው ቢሻው የሚባል ጠንቃቃ ሰው ነው። በአንድ ጣቱ ሆዷን ነካ አድርጎ አሰበ።

«ጤዛ አይደለም» አለ።

አፈ ተስፋ ማንደፍሮ በረጅሙ ተነፈሱ። «ልጄ፣ አገር ትልቅ አደራ ጥሎብሽ ነበር። ስንቱ ድሃ ያንቺን ባዶ አንቀልባ እያየ ነው ክረምቱን የሚያልፈው! እንዲህ ይደረጋል?»

«ጌታዬ፣ ሰዉ ተስፋ ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው።»

«ተስፋ ማድረግና ማግኘት አንድ ነው እንዴ? አንቺ ደግሞ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ። ልጁ ሲወለድ የተፈጸመ ቃል ነው። ወደ ቅጥሩ ይገባል። ይመገባል፣ ይለብሳል፤ ሰው ግን አያየውም። አንቺም ብትሆኚ።»

ትደነቅ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«መላ የለውም?»

«አለው። እስከ በዓሉ ልጁ ካንቺ ጋር ይቆይ። በበዓሉ ቀን አንቀልባሽን አሳይተሽ፣ ‹ልጁ የእኔ አይደለም፤ ከቆላ አንስቼ ነው የማሳድገው› ብለሽ በሕዝቡ ፊት ማይ። ያኔ ልጁ ቤትሽ ያድጋል። እንደ ማደጎ ልጅ ቆጥረሽ ታሳድጊዋለሽ፤ ሹመትሽም አይነካም።»

አዝመራው ሲሰበሰብ ሴት ልጅ ወለደች። እትዬ ደብሪቱ እትብቷን ቆርጣ፣ አጥባ፣ በእናትየዋ ደረት ላይ አስቀመጠቻት። ትደነቅ ስሟን እውነቴ አለቻት። ውርጩም ገባ፤ ወርኀ ተስፋ ታወጀ፤ ሰዉ ሁሉ ቆመ። አራሷም ቆማ አጠባች።

ይርጋ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ማይና ይለቅልን» ይላታል። «አፍ ምን ይላል! ልጅቷ እንደሆነች አትሰማ።»

«ካደገች በኋላስ?»

«ካደገች በኋላ ቤታችን ናታ! ከቅጥር ውስጥ ሆና ‹ልጄ› ብትያት ምን ይበጃታል? ይኸው ውሃውን ነፋስ ነው ስንል ኖርን፤ ምን ሆንን?»

«ምን ሆንን ትላለህ? ጀርባህን ባየኸው። አህያው አንተን ይጭናል ወይስ አንተ አህያውን?»

«በጀርባዬ ምን አገባሽ! የምልሽ ስለ ልጄ ነው!» አለ፤ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትደነቅ ልጅቷን አየቻት፤ የበዓሉ ቀን እየቀረበ ነው። «እሺ፣ እምላለሁ» አለችው።

የመሐላውን ቃል ለመማር ወደ አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ሄደች። ደስ አላቸው። በጣም ደስ ከማለታቸው የተነሣ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ይህም በዚያ ወራት ታይቶ የማይታወቅ ነው። «ጨካኞች መስለንሽ እንዳይቀር፣ ነይ ላሳይሽ» ብለው ወደ ቅጥሩ ወሰዷት፣ ዘበኛውን አስከፍተው አስገቧት።

ውሃው ከዓለቱ ሥር እየዘለለ ይወርዳል። ዙሪያው ለምልሟል፤ ቄጠማው ጉልበት ይደርሳል። ከውሃው አጠገብ ንጹሕ ጎጆ አለ፤ ውስጡ የሕፃን አልጋ ተነጥፏል።

«ለልጅሽ አዘጋጅተነው ነበር። እንኳን አላስፈለገ» አሉ።

ትደነቅ ግን የምታየው ከጎጆው ጀርባ ያለውን ነው። ትልቅ ቤት ነው፤ አዲስ፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፤ መስኮት የለውም። በሩ የብረት ነው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የሦስተኛው ቃል ነዋ።»

«የባለቃሉ?»

«ታዲያ ሲመጣ ሜዳ ላይ ይደር?» አሉ አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ቅር ብሏቸው። «አልጋው የተጠረበ ወይራ ነው። ምንጣፉን እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«መቀርቀሪያው ግን በውጭ በኩል ነው።»

«በውስጥማ ቢሆን ይወጣል» አሉ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው። «ይውጣና ሕዝቡ ይየው? ከዚያ በኋላ ማን ማንን ሊጠብቅ ነው?»

ትደነቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልጇን አጥብታ በአንቀልባዋ አዘለቻት።

የበዓሉ ቀን ጧት ሕዝቡ በሙሉ ባዶ ቅልና ባዶ እንስራ ይዞ በቅጥሩ በር ፊት ተሰበሰበ። ይርጋ ወደ ወንዝ ሊወርድ ስለነበር አህዮቹን፣ አፍንጫቸው ነጭ ሽንኩርት በታሸበት ጨርቅ ታስሮ፣ ከኋላው አቁሟል። ሹማምንቱ በወንበሮቻቸው ላይ ተቀምጠዋል። በሥርዓቱ መሠረት ሰዉ ጆሮውን ከቅጥሩ ላይ ለጠፈ።

«ምን ትሰማላችሁ?» አሉ አፈ ተስፋው።

«ነፋስ!» አለ ሕዝቡ፣ ከውሃው ጩኸት በላይ እንዲሰማ እየጮኸ።

«እግራችሁን ምን አራሰው?»

«ጤዛ!» አለ ሕዝቡ ቀሚሱንና ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ።

«የአገሩ መካን ሆይ! በአንቀልባሽ ምን አለ?»

ይሄን ጊዜ እውነቴ አለቀሰች። የጤዛ መርማሪው ቢሻው ብድግ ብሎ «ነፋስ ነው!» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«መልሺ እንጂ ልጄ» አሉ አፈ ተስፋው። «ከቆላ…»

«ልጅ አለ» አለች ትደነቅ። «እኔ ነኝ የወለድኳት። ከቆላ አላመጣኋትም። ውስጥ ያለውም ነፋስ አይደለም፤ ውሃ ነው። አይቼዋለሁ። ከውሃው ጀርባ ደግሞ ለባለቃሉ እስር ቤት ተሠርቷል።»

ከፊት የነበረ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ በወርኀ ተስፋ! «አባባ፣ ይነሡ እንጂ!» አሉት ከኋላው። «ቆይ አንዴ» አለ ሽማግሌው፣ «ልስማበት።»

አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ከልባቸው አዘኑ። «እንግዲህ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። ክፈት!» አሉት ዘበኛውን። «ልጅቷን ተቀበልና አስገባ።»

ዘበኛው በሩን ከፍቶ እጁን ወደ አንቀልባው ዘረጋ።

«አትድከም ወንድሜ፣ እኔው አስገባታለሁ» አለችና ትደነቅ አልፋው ገባች።

«አንቺ ነይ ውጪ!» አለ ዘበኛው ደንግጦ።

«ለምን እወጣለሁ? ቃሉ ምን ይላል? መካኗ ትወልዳለች ይላል። ልጅቷ ብቻ ናት የተፈጸመችው? እኔስ? ሕጋችሁ የተፈጸመ ቃል ከቅጥር ውጭ አይደር ካለ እኔም ውጭ ማደር የለብኝም።»

ሹማምንቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ተከራከሩ። አንዱ «እውነቷን ነው፤ እናትየዋ ትቅር የሚል የለም» አለ። አፈ ተስፋው «እሺ፣ እሷም ትታሰብ» አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች እትዬ ደብሪቱ ሰዉን በክርኗ እየገፋች። «ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ያለ እኔ እጅ የት ሊፈጸም ነበር?» ብላ ገባች።

ይርጋ ሚስቱን አየ፣ ሹማምንቱን አየ። ምናልባት እዚያው ቆሞ ይቀር ነበር። ግን መሪው አህያ፣ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት የውሃው ሽታ ከሽንኩርቱ በረታበት መሰለኝ፣ አፉን በይርጋ ትከሻ አሽቶ ጨርቁን ጣለው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል! ይርጋ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ይዞት ስለነበር አብሮ ተጎተተ። «አባቷ ነኝ!» እያለ ጮኸ በበሩ ሲያልፍ። «ኋላ ሰው እንዳይሳሳት፣ አባቷ ነኝ!»

ሰዉ ሳቀ። በወርኀ ተስፋ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠው ሽማግሌም እጁን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ተነሣ። «ለመሆኑ» አለ፣ «ቃሉ የተሰጠው ለማን ነው?»

«ለእኛ ነዋ» አሉት።

«ለእኛ ከሆነ እኛም አለንበት» አለና ገባ። እሱን ተከትለው ሴቶቹ ገቡ፣ ወንዶቹ ገቡ፣ የታመመም በቃሬዛ ተይዞ ገባ። ከውስጥ የቅል ቡልቅታና «እሰይ! እሰይ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ዘበኛው ብቻውን በበሩ ላይ ቀረ። ቁልፉን አየ። ወደ ውስጥ አየ። ከንፈሩን በምላሱ ላሰ። ገባ።

ውጭ የቀሩት ወንበሮቹና ባለወንበሮቹ ነበሩ። በሕጉ መሠረት ሁሉም ነገር ትክክል ነው፤ የተፈጸመው ሁሉ ከቅጥሩ ውስጥ ነው፣ ተስፋውም ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው። ቢሻው በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ አደረገና የሚለው ስለጠፋው ጣቱን ጠባ።

ቅጥሩ ለሕዝቡ ሲጠብ ሕግ እንዳይጣስ ድንጋዩን እየነቀሉ ወደ ውጭ ገፉት። አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ትንሽ፤ ቤታቸውን፣ ማሳቸውን፣ መቃብራቸውን ሳይቀር በቅጥሩ ውስጥ አስገቡ። ከቅጥር ውጭ የቀረው የተስፋ ቤት ብቻ ነው። የትልቁን ቤት ብረት በር ነቅለው በጅረቱ ላይ መሸጋገሪያ አደረጉት፤ ግድግዳውን በመስኮት በሳሱት። ሹማምንቱ ግን አህያ ስላልነበራቸው እየተፈራረቁ ወደ ቆላው ወንዝ ይወርዱ ነበር። ቀስ በቀስም ቀለሉ።

ውርጩ ተመልሶ ሲገባ አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ወደ ቅጥሩ በር መጡ። ትደነቅ እውነቴን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ከሌሎች ሴቶች ጋር መግቢያውን ታጥባለች።

«መጣ ወይ?» አሉ።

«ገና ነው።»

ፊታቸው በራ። «አሁንም ትጠብቃላችሁ ማለት ነው?»

«እንጠብቃለን እንጂ። ምነው?»

«አልገባኝም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። «ውሃው ተጠጣ። ልጅቷ ይችው። ያገኘ ሰው እንዴት ይጠብቃል? እኔ ይህን ሕዝብ ተስፋ እንዳያጣ ብዬ ነው ያን ሁሉ…»

«ውሃ ይፈልቃል አለ፤ ፈለቀ» አለች ትደነቅ። «ትወልዳለች አለ፤ ይኸው ወለድኩ። እመጣለሁ ያለው ላይ ሲደርስ ነው የሚዋሸን?»

አፈ ተስፋ ማንደፍሮ ወደ ውስጥ አዩ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ልግባ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይግቡ። ጫማዎን ግን ያውልቁ፤ ለሚመጣው እንግዳ አጥበነዋል።»

አጎንብሰው ማሰሪያውን መታገል ጀመሩ። መቀመጥ የለመዱ ሰው ስለሆኑ ቆሞ ጫማ ማውለቅ አልሆንላቸው አለ፤ ተንገዳገዱ። ትደነቅ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ትከሻዋን አስደገፈቻቸው።